የተማሪዋ ማንጎ

ማንጎ ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ ዕቃ አይደለም፣ ተሳፋሪ ነው። ቦታ ይይዛል፣ ይሸታል፣ ወሬ ያስነሳል። በዚህ ሰኔ መግቢያ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስሄድ ከፊቴ የተቀመጠ ነጋዴ ከቻግኒ በኩል የመጣ አንድ ጆንያ ማንጎ በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ነበር። ዝናብ ስለያዘን መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ያ ማርም ላምባም የሚመስለው ሽታ ከወንበር ወንበር እየዞረ ሰውን ሁሉ ዳሰሰ፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን እንደ ድሮ ጓደኛ አንገቴን ይዞ አልለቅም አለ። ቦርሳዬ ውስጥ አራት ገጽ ንግግር ነበረኝ። ዳንግላ የተማርኩበት ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎቹን ጠርቶ ስለ አጉል እምነት እንድናገር ጋብዞኛል። ዕድሜዬን በዚህ ጉዳይ ስጽፍና ስጨቃጨቅ ስለፈጀሁት፣ እንዲህ ያለ ግብዣ ሲኖር ከእኔ በፊት የሚታሰብ ሰው የለም። ሰርግ ላይ ግን ማንም አይጠራኝም።

ከጎኔ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣለች። ከእሷ ወዲያ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ባሏ ጋቢ ተከናንቦ፣ ከጋቢው በላይ የሱፍ ኮፍያ ደፍቶ ይንቀጠቀጣል። ለሰሊጥ እርሻ ቆላ ወርዶ ከተመለሰ ገና ሳምንት አልሞላውም።

"ለታመመው አንድ ሁለት ልስጥሽ? ጣፋጭ ነው" አላት ነጋዴው፣ የጆንያውን አፍ እየፈታ።

"ይኼማ ተራ ማንጎ ነው" አለች፣ አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ። "እኛ ዳንግላ የምንሄደው ለተማሪዋ ማንጎ ነው።"

"የምን ተማሪ?" አልኩ እኔ።

ዞር ብላ መነጽሬን አየችና አዘነችልኝ። "አልሰሙም እትዬ? ድሮ ዳንግላ አንዲት ተማሪ ነበረች። ንዳድ አጥንቷ ውስጥ ተደብቆባት ማንም አላወቀላትም። አንዲት የወሎ ሴትዮ ማንጎ አበላቻት፤ በሽታው ሳይወድ በግዱ ወጣ። ሰባት ቀን በድን ሆና ተኛች። በስምንተኛው ቀን ተነሥታ እንስራ ሙሉ ውኃ ቀድታ መጣች።"

"እኔ ዘጠኝ ቀን ነው የሰማሁት" አለ ረዳቱ ከበሩ በኩል፣ ሒሳብ እየሰበሰበ።

ሦስት ቀን ነው። ውኃም አልቀዳሁም፤ አከራዬ እንኳን እንስራ ኩባያም አላስነኩኝም ነበር። ያቺ ተማሪ እኔ ነኝ።

ሰው ስለ ራሱ የተወራ ተረት ሲሰማ መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ እኔም አልዋሽም፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ የሰውየውን ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰማሁ። "እህቴ፣ ባለቤትሽን እዚያው እንጅባራ ሐኪም ቤት ለምን አልወሰድሽውም?" አልኳት።

"አልሄድም አለ።"

"መርፌ አልወድም" አለ ጋቢው፣ ከውስጥ።

"ሙሉቀን እንዲህ ነው። ማንጎውን ግን እሺ አለኝ" አለች ሚስቱ።

ተቆጣሁ። ንዳድ የምትለውን ወባ የምታመጣው ትንኝ መሆኗን፣ የሚያድነውም ኪኒን መሆኑን፣ ማንጎ ወባን እንደማያመጣ፣ እንደማያወጣም፣ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪሰማ ተናገርኩ። ሴትዮዋ በትዕግሥት አዳመጠችኝና "እርስዎ ተምረው ይሆናል እትዬ" አለችኝ። "ያቺም ተማሪ ነበረች።" ሚኒባሱ ሳቀ። አዲስ ቅዳም ከተማ ደርሰን ነበር። ከሰል የተጫነ መኪና መንገዱን ዘግቶ ስለቆመ፣ እኛም ቆምን፤ እኔም ከማንጎው ሽታ ጋር ወደ ኋላ ሄድኩ።

የዚያን ጊዜዋ ዳንግላ የጋሪ ከተማ ነበረች። ባጃጅ የሚባል ነገር አልመጣም። የጋሪ ፈረሶች ግንባራቸው ላይ ቀይ የክር ጉንጉን ነበራቸው፤ ክረምት ሲገባ ከጉልበታቸው በታች ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም፣ የጭቃ ቀለም ይሆኑ ነበር። ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ፣ ማዕዘኑ ላይ፣ ካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ከተማውን በሙሉ ያዘፍናል። እኛ ሴት ተማሪዎች ካሴት መግዣ ስላልነበረን ከማዶ ቆመን ጋሪ የምንጠብቅ እንመስላለን። ጋሪ ሲቆምልን "አይ፣ ሌላ ነው የምንጠብቀው" እንላለን፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ። ባለ ጋሪዎቹ ገብቷቸው ስለነበር ሆን ብለው ዘፈኑ መሐል እየመጡ "ግቡ እንጂ!" ይሉናል። ሻይ በስሙኒ ነበር። የፕላስቲክ ጫማ የበጋው ፀሐይ አለስልሶት እግር ላይ ይቀልጥ ነበር ብል ዛሬ ማን ያምነኛል? ቴትሮን ሱሪ የለበሰ ወንድ የሚቀመጠው ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ በሁለት ጣት ሳብ አድርጎ ነው። ዛሬ እንደዚያ የሚቀመጥ ሰው ካየሁ ዕድሜውን ሳልጠይቅ አውቃለሁ።

እኔ ከጥሊሊ አካባቢ ነው የመጣሁት። ቤታችን አገውኛ እየተናገርን አድገን፣ ዳንግላ ስንገባ በአማርኛችን የተሳቀብን ነን። አባቴ በየሁለት ሳምንቱ ድንችና በሶ ይልክልኛል። የተከራየሁት እትዬ አንጓች ከሚባሉ የከተማ ሴት ግቢ ውስጥ ነበር። እትዬ አንጓች ደግ ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን በአዋጅ ነው የሚሠራው። ከአዋጆቻቸው ሁሉ ጥብቁ "ማንጎ ከዚህ ግቢ አይገባም" የሚለው ነበር። ማንጎ የበላ ሰው ወተት ቢጠጣ ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ይሆንበታል። ነፍሰ ጡር ብትበላ ልጁ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ይወለዳል። ከሁሉ የከፋው ግን ማንጎ ንዳድ ያመጣል። የመጠጡትን ፍሬ እንኳ ከአጥር ውጭ መጣል አይበቃም፤ ከድልድዩ ማዶ ካልተወረወረ በሽታው በእግሩ ተመልሶ ይመጣል። ይህ የእሳቸው ብቻ አልነበረም። የደጋው ሰው ሁሉ፣ የአራት ዓመት ልጅም ቄሱም፣ እንደ ጸሎት የሚያውቀው ነገር ነበር።

ያኔ ስቄበታለሁ፤ ዛሬ ግን ያስገርመኛል። እስኪ እንደ ደጋ ሰው ሆነን እንየው። ጤነኛ ጎረምሳ ለሰሊጥ ሥራ ቆላ ይወርዳል። ከወር በኋላ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ በአንድ እጁ የማንጎ ጆንያ ይዞ ይመለሳል። ሁለቱ፣ በሽታውና ማንጎው፣ በአንድ መኪና፣ በአንድ ወር፣ ከአንድ አገር ነው የሚመጡት። ትንኟ ግን አብራ አልመጣችም፤ ዳገት አትወጣም። እንግዲህ በደጋ ዓይን የሚታየው ተጠርጣሪ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቢጫ ነው። የእኔን ሕዝብ ሞኝ የሚል ሰው ካለ ይህን ያስብ፤ ስሕተቱ ከማየት እንጂ ካለማየት አልመጣም። ዛሬ ስልካቸው ላይ የማንጎ ቅጠል ሻይ የስኳር በሽታን ያጠፋል የሚል ቪዲዮ አይተው ቅጠል የሚቀቅሉ ባለ ዲግሪ ጓደኞች አሉኝ። እነሱ ምንም አላዩም። የእትዬ አንጓች ስሕተት በሥርዓት የታሰበበት ነበር።

ማንጎውን ወደ ዳንግላ ገበያ የሚያመጡት እትዬ ዘይነባ ነበሩ። በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተው ቆላ ከሰፈሩት ቤተሰቦች አንዷ ናቸው። ሲመጡ የተከሉት ችግኝ ያኔ ማፍራት ጀምሮ ነበር። በገበያ ቀን የጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ይመጡና ከጋሪ ማቆሚያው ጎን ጆንያ አንጥፈው ማንጎውን እንደ ትንሽ ትንሽ ተራራ ይከምሩታል። አሥር ማንጎ በአንድ ብር። ማንም አይገዛቸውም ማለት ይቻላል፤ የሚገዛቸው የመንግሥት ሠራተኛና መንገደኛ ነው። የከተማው ሴቶች በጆንያቸው አጠገብ ሲያልፉ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። እሳቸውም "ኧረ በአላህ፣ ማንጎ ነው እንጂ ሬሳ አይደለም!" ይሏቸዋል።

እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በባዮሎጂ ፈተና የወባን አመጣጥ በሥዕል አስደግፌ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። በዚያ ዕድሜ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ሰው አደገኛ ነው። ከእትዬ ዘይነባ ጆንያ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና፣ እትዬ አንጓችም ጎረቤቶቻቸውም እያዩ፣ ማንጎ መብላት ጀመርኩ። ጭማቂው በክርኔ ላይ ይወርድ ነበር፤ ቃጫው በጥርሴ መካከል ገብቶ ሳምንት ሙሉ አልወጣም።

"ይታይሽ! አንች ልጅ! ለአባትሽ ምን ልበል?" ይላሉ እትዬ አንጓች፣ ስሜን እየጠሩ።

"ከታመምኩ እርስዎ ልክ ነዎት። ካልታመምኩ ግን ከእትዬ ዘይነባ ይገዛሉ" አልኳቸው።

"ከታመምሽማ ማን ያስታምምሻል? እኔው ነኝ" አሉ።

ሳምንት በላሁ፣ ደኅና ነኝ። ሁለት ሳምንት በላሁ፣ ደኅና ነኝ። ሁለት ሴቶች ተደብቀው ገዙ። የልብስ ሰፊው ሚስት በይፋ ገዛች። እትዬ ዘይነባ ከአንድ ጆንያ ወደ ሁለት ጆንያ አደጉ፤ የልጃቸውን የትምህርት ቤት ጫማ እንደሚገዙ ነገሩኝ። እዚያ ላይ ብተወው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር። እኔ ግን ዛፉን ማየት አማረኝ። አንድ ቅዳሜ ከእሳቸው ጋር በጭነት መኪናው ወደ ቆላ ወረድኩ። ዛፉ እንደ ቤት ነበር፤ ጥላው ስር ሠላሳ ሰው ይቀመጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ከዛፉ ሥር ተቀምጠን እትዬ ዘይነባ ኩታቸውን ሰጡኝ። "ተከናነቢ ልጄ፣ ቢንቢ አለ" አሉኝ። "ይሞቃል" አልኩ። እጅጌዬን ጠቅልዬ፣ ክንዴን ለቆላው ትንኝ ሁሉ ገበታ አድርጌ፣ ስለ ትንኝ ገለጻ አደረግኩላቸው። ሥዕሏን በቃሌ የምሥል እኔ፣ ስትነክሰኝ የነበረችው እሷ መሆኗን አላሰብኩም። መጽሐፉ ላይ ያለችው ትንኝ ትልቅ ነበረች።

ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ በገበያ ቀን፣ ያው ድንጋይ ላይ፣ ማንጎ በእጄ እንደያዝኩ፣ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ከዚያ የባሰ ቦታና ሰዓት ልመርጥ ብል አላገኝም ነበር። እትዬ አንጓች "አላልኩሽም? አላልኩሽም አንች?" እያሉ እያለቀሱ ነጠላቸውን ደረቡልኝ። እትዬ ዘይነባ ሁለቱንም ጆንያ ጥለው፣ አቅፈው ጋሪ ላይ አወጡኝና ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። የመራራውን ኪኒን ጣዕም፣ በኋላም ሰውነቴን እንደ ጉንዳን የበላኝን ማሳከክ አልረሳም። በሦስተኛው ቀን ተነሣሁ። ሁለቱ ጆንያ ማንጎ ግን እዚያው እንደተተወ ነበር። የተተወ ምግብ ሌባ ሳይነካው ዳንግላ ገበያ ሲያድር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"በትንኝ ነው፤ ቆላ ሄጄ ነው" እያልኩ ከተማውን ዞርኩ። አልሰከርኩም የሚል ሰካራም እንደሚታይ ታየሁ። በሚቀጥለው ገበያ እትዬ ዘይነባ መጡ፤ ማንም አልቀረባቸውም። የልብስ ሰፊው ሚስት እንኳ መንገድ ቀየረች። በዚያው ሳምንት ትምህርት ተዘጋ፤ ወደ ጥሊሊ ሄድኩ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሌላ ከተማ ተማርኩ። ስለ ልጅየዋ ጫማ አስብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሠላሳ ዓመት ያህል በዳንግላ ሳልፍ ወደ ገበያው የሚወስደውን መንገድ አልረገጥኩም። ስለ አጉል እምነት የጻፍኩት ሁሉ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለአንዲት ሴት የተጻፈ ረጅም የይቅርታ ደብዳቤ ነው፤ እሷ ማንበብ አትችልም እንጂ።

ከሰል የጫነው መኪና ተነሣ። ዳንግላ ስንወርድ ትምህርት ቤቱ በቀኝ፣ ገበያው በግራ ነበር። ንግግሬ ሊጀምር አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ባልና ሚስቱ ወደ ግራ ሄዱ። ሰውየው ሁለት ጊዜ ቆመ፣ አንድ ጊዜ የሱቅ ግድግዳ ተደገፈ። በስሜ በሚሸጥ ተረት አንድ ሰው ሊሞት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ተከተልኳቸው።

ካሴት ቤቱ የስልክ መጠገኛ ሆኗል። ከጋሪ ማቆሚያው ጎን፣ በዚያው ቦታ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የማንጎ መደብ ቆሟል። አንዲት የጎለመሰች ሴት ትመዝናለች። ከኋላዋ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ተቀምጠዋል። ቢያረጁም እትዬ ዘይነባ መሆናቸውን አልተጠራጠርኩም። በሕይወት አሉ፤ ያውም እዚሁ። ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

"የተማሪዋን ማንጎ ፈልገን ነው፣ እማማ" አለች ሚስትየዋ።

እትዬ ዘይነባ ሙሉቀንን ጠሩና የእጁን አንጓ ያዙ። ዓይኑን በአውራ ጣታቸው ገለጡ። ከክምሩ ውስጥ አንዱን አነሡ፣ ሸተቱት፣ መለሱት፤ ሌላ አነሡ። "ይኸው ያንተ" አሉና ከጎናቸው ካለው ቅርጫት ውስጥ ለብቻው አስቀመጡት።

"ልውሰደው?" አለ።

"የደም ወረቀትህ የታል?"

"የምን ወረቀት?"

"አሃ፣ ሥርዓቱን አልነገሩህም። የተማሪዋ ማንጎ ያለ ሥርዓት አይሠራም። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ። ከጣትህ ጠብታ ደም ትሰጣለህ። የሰጡህን ወረቀት ለእኔ ታመጣለህ። ኪኒን ከሰጡህ እዚሁ ፊቴ ትውጣለህ፤ ማንጎው ከላዩ ይሄዳል። ሳትሰጥ ብትበላው ንዳዱ ከአጥንት ወደ ልብ ነው የሚዞረው።"

"መርፌ ነው?"

"የጣት ነው። እሾህ ወግቶህ አያውቅም? ወላሂ፣ የልጅ ልጄ አላለቀሰም። ሂድ፤ ማንጎህ ይጠብቅሃል።"

ሰውየው ሚስቱን አየ፤ ሚስቱ መንገዱን አየች። ሄዱ። በግዴታ፣ በልመና፣ በእኔ ገለጻ ያልሄደው ሰው፣ ለማንጎ ብሎ ሄደ።

ቀረብ አልኩ። "እትዬ ዘይነባ፣ ተማሪዋ ምን ትመስል ነበር?" አልኳቸው።

"ረጅም፣ ቀይ፣ ፀጉሯ እስከ ወገቧ" አሉ፣ ሳያዩኝ። "ሰባት ቀን..."

"ሦስት ቀን ነው። አጭር ነበረች። ፀጉሯም ይህን ያህል አልነበረም።"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ የምትመዝነውን ልጃቸውን ገፋ አድርገው በጆሮዬ "ቀስ በይ፣ ገዥ ይሰማል" አሉኝና እጄን ሳቡት። እቅፋቸው ያው የጋሪው ላይ እቅፍ ነበር። "ይታይሽ! ተከናነቢ ስልሽ እምቢ ያልሽው!"

"ገበያዎን አበላሸሁብዎት" አልኩ። ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት አንድ መስመር ሆኖ ወጣ።

"አበላሸሽው እንጂ! ሦስት ገበያ አንድ ፍሬ አልሸጥኩ። ዛፉን ልቆርጠው መጥረቢያ አስልቼ ነበር። በአራተኛው ገበያ አከራይሽ መጣች።"

"እትዬ አንጓች?"

"ተከናንባ። 'ያች ልጅ በሦስት ቀን ተነሣች፤ የኔ ወንድም በንዳድ ወር ተኝቶ ነው የሞተ። ምን አድርገሽላት ነው?' አለችኝ። ጤና ጣቢያ ወስጄ ነው ብላት ታምነኛለች? አንቺ እውነቱን ስትነግሪያቸው ምን አሉሽ?" ሳቁ። "ማንጎው የተደበቀውን አወጣው፤ የወጣውን ኪኒኑ ያዘው አልኳት። ሁለቱም ካልተገናኙ አይሆንም አልኳት። በሚቀጥለው ገበያ የታመመች እህቷን ይዛ መጣች። እህትየዋ ወረቀት ይዛ ነው የመጣችው።"

"ውሸት ነው እኮ፣ እትዬ ዘይነባ።"

"ግማሹ" አሉ፣ ሳይከፉ። ልጃቸው ከሚዛኑ ቀና ብላ "እናቴ፣ እሷ ናት?" አለች። "እሷ ናት። የትምህርት ቤት ጫማሽ የተገዛው በእሷ ነው" አሉ።

አራቱን ገጽ ከቦርሳዬ አውጥቼ ልጣላቸው፣ ላርማቸው፣ 'ወረቀት ሳያመጣ ማንጎውን ሌላ ቦታ ገዝቶ የበላውስ ሰው?' ልላቸው ነበር። ጥያቄው አሁንም አለኝ። ግን አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ ይህችን ከተማ ከስሕተቷ ላወጣ ተነሥቼ፣ ስሕተቷን በአደባባይ በራሴ ሰውነት አረጋግጬላት የሄድኩ ሰው ነኝ። እሳቸው ደግሞ ያንኑ ስሕተት ከሥሩ ሳይነቅሉት፣ እንደ በሬ ጠምደው ጤና ጣቢያ ድረስ አሳረሱት። ከሁለታችን ማን ሰው እንዳዳነ ማወቅ ከፈለግኩ፣ መጠበቅ ነበረብኝ። ልጅየዋ የሰጠችኝ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬ ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ከትምህርት ቤቱ ነበር። ኔትወርኩ ተቆራረጠ አልኩ፤ ግማሹ ውሸት ነው።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው መጡ። ሙሉቀን ጣቱን በጥጥ ይዞ፣ እንደ ጀግና ወደ ላይ አንሥቶ ነበር። ሚስቱ ኪኒኑን በአንድ እጅ፣ ወረቀቱን በሌላው ይዛለች። ወረቀቱን ለእትዬ ዘይነባ ሰጠች። እሳቸው ገለበጡት፤ ልጃቸው ልታነብላቸው እጇን ዘረጋች።

"ተይ" አሏት። "ዛሬ ሌላ ሰው ታነባለች።" ለእኔ ሰጡኝ።

መነጽሬን አስተካከልኩ። "ወባ ተገኝቶበታል" ብዬ አነበብኩ። "ኪኒኑን ከምግብ ጋር ሳያቋርጥ፣ እስኪያልቅ ድረስ።"

"እስኪያልቅ" አሉ እትዬ ዘይነባ፣ ቅርጫቱ ውስጥ እጃቸውን ሰድደው። "ሰማህ? አንዲት ከቀረች ማንጎው አይሠራም።"

ሚስትየዋ ወደ እኔ ዞረች። በሚኒባሱ ውስጥ የጮህኩት እኔ መሆኔን አልረሳችም። "አሁንስ ያምናሉ፣ እትዬ?" አለችኝ።

"ተማሪዋን አውቃታለሁ" አልኳት። "ጤና ጣቢያ ሄዳ ነው የዳነችው።"

"እኔስ ምን አልኩ?" አለች፣ ማንጎውን እየላጠችለት።